የ«ላይክ» ነጥብ ምን ይለካል?

በኢንተርኔት በሚካሄዱ ውይይቶች ላይ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የሚገኙት የድጋፍና የተቃውሞ ቁልፎች ዛሬ ማንም ልብ የማይላቸው ተራ ነገሮች ሆነዋል። አውራ ጣት፣ ልብ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት፣ ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ የአንባቢውን ፍርድ ወደ ቁጥር ይለውጣሉ። ቁጥሩ በበኩሉ የትኛው ጽሑፍ ከላይ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ከዓይን እንደሚሰወር ይወስናል። ችግሩ ቁልፉ የተጫነበት ምክንያት አለመመዝገቡ ነው። «ትክክል ነው» ያለውም፣ «አሳቀኝ» ያለውም፣ «ወዳጄ ስለጻፈው ነው» ያለውም የሚሰጡት እኩል አንድ ነጥብ ነው።

ለምሳሌ የመኪና ወዳጆች በሚወያዩበት መድረክ ላይ አንድ ሰው «መኪናዬ ዳገት ላይ ማርሽ ስቀይር ይንገጫገጫል፤ ምን ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀ እንበል። አንድ መካኒክ ከፍሪሲዮኑ ጀምሮ መታየት ያለበትን በቅደም ተከተል ዘርዝሮ ይጽፍለታል። ሌላው «ሽጠህ በቅሎ ግዛ» ይለዋል። ቀልዱን ለማንበብ ሁለት ሰከንድ ይበቃል፤ ለመፍረድም ዕውቀት አይጠይቅም። የመካኒኩን መልስ እስከ መጨረሻው የሚያነበው ግን ጥቂት ነው፤ ትክክለኛነቱን መመዘን የሚችለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በመሆኑም ድምፅ ሲቆጠር በቅሎዋ መካኒኩን ትቀድማለች። ጠያቂው ይስቃል፤ መኪናው ግን መንገጫገጩን ይቀጥላል።

ምክንያቱን የጠየቀው ስላሽዶት

ይህን ችግር ቀድመው ካዩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካዊው ሮብ ማልዳ የተመሠረተው ስላሽዶት የተሰኘው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ነው። አስተያየት ሰጪው ሲበዛና ቁም ነገሩ በወሬ ሲዋጥ፣ ድረ ገጹ የመመዘኑን ሥራ ለተራ ተጠቃሚዎች በተራ አከፋፈለ። ተራው የደረሰው ሰው በጣት የሚቆጠሩ ነጥቦች ይሰጡታል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመባቸው ይቃጠላሉ። ራሱ በተካፈለበት ውይይት ላይ መፍረድ አይችልም። አንድ አስተያየት የሚያገኘው ውጤት ከነጌቲቭ 1 እስከ 5 ብቻ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ፈራጁ ምክንያቱን እንዲናገር መገደዱ ነበር። «መረጃ ሰጪ»፣ «አስተዋይ»፣ «አስቂኝ»፣ «ተደጋጋሚ»፣ «ከርዕስ ውጪ» ከሚሉት ስያሜዎች አንዱን ሳይመርጥ ነጥብ መስጠትም ሆነ መቀነስ አይችልም። «አስቂኝ» የተባለ አስተያየት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ለጸሐፊው የሚመዘገበውን መልካም ስም ግን አይጨምርም። ቀልደኛው ሳቁን ያገኛል፤ በሳቁ ግን የዐዋቂነት ማዕረግ አይገዛበትም። አንባቢውም ቢሆን ከስንት ነጥብ በታች ያለውን ማየት እንደማይፈልግ ራሱ ይወስናል።

ቀስትና ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሬዲት ነገሩን ወደ ሁለት ቀስቶች አቀለለው። የተጠቃሚዎቹ ሥነ ምግባር ደንብ ድምፅ የሚሰጠው ጽሑፉ ለውይይቱ አስተዋጽኦ ማድረጉ ታይቶ እንጂ ሐሳቡ ስለተወደደ ወይም ስለተጠላ መሆን እንደሌለበት ይመክራል። ቀስቱ ግን ደንቡን አይጠይቅም፤ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የተስማማበትን ከፍ፣ ያልተስማማበትን ዝቅ ያደርጋል።

ሌላው ችግር ቀድሞ የጻፈ ቀድሞ ድምፅ መሰብሰቡ ነበር። ለዚህም ሬዲት እ.ኤ.አ. በ2009 ኤድዊን ዊልሰን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1927 ባቀረቡት የስታቲስቲክስ ቀመር ላይ የተመሠረተ የአደራደር ዘዴ አስገባ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከ1 ድምፅ 1 ድጋፍ ያገኘ ጽሑፍ መቶ በመቶ ተደገፈ ቢባልም፣ ከ100 ድምፅ 90 ካገኘው ይበልጣል ለማለት ማስረጃው አይበቃም። ቀመሩ የድምፁን ማነስ ከግምት አስገብቶ ያስተካክላል። ሆኖም ድምፁ ለቀልዱ ይሁን ለዕውቀቱ መሰጠቱን የሚለይ ቀመር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 በጆኤል ስፖልስኪና በጄፍ አትውድ የተጀመረው የፕሮግራም አዘጋጆች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ስታክ ኦቨርፍሎው ደግሞ ለፍርዱ ዋጋ አወጣለት። ድጋፍ ያገኘ መልስ ለጸሐፊው 10 ነጥብ ያስገኛል። ተቃውሞ ከመላሹ 2 ነጥብ ሲቀንስ፣ ከተቃዋሚው ከራሱም 1 ነጥብ ይወስዳል፤ ተቃዋሚው በከንቱ እንዳይተኩስ ማለት ነው። ከርዕስ የወጣ ጥያቄ ይዘጋል፤ ለጨዋታ የተለየ የውይይት ክፍል ተከፍቷል። ጥብቅነቱ ግን ጀማሪዎችን አሸሸ። እ.ኤ.አ. በ2018 ድርጅቱ ራሱ ለአዲስ ሰው ፊት የማይሰጥ መድረክ መሆኑን በይፋ አምኗል።

መንገድ ያሳየው የመጀመሪያ ድምፅ

ቁጥሩ ራሱ ፍርድን እንደሚያዛባም ተረጋግጧል። ሌቭ ሙችኒክ፣ ሲናን አራልና ሾን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2013 በ«ሳይንስ» መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የዜና መወያያ ድረ ገጽ ላይ ከ100 ሺሕ በላይ አስተያየቶችን ለአምስት ወራት ተከታትለዋል። አስተያየቶቹ እንደወጡ ለአንዳንዶቹ በዕጣ አንድ የድጋፍ ድምፅ ተጨመረላቸው። ቀጥሎ የመጣው አንባቢ ድጋፍ የመስጠቱ ዕድል በ32 በመቶ ከፍ አለ፤ የመጨረሻ ውጤታቸውም በአማካይ በ25 በመቶ ጨመረ። በሐሰት የተሰጠውን ተቃውሞ ግን ሌሎች አንባቢዎች አስተካክለውታል። ስለዚህ ሰው ያለ አግባብ የተነቀፈውን ይታደጋል፤ ያለ አግባብ የተመሰገነውን ግን አብሮ ያመሰግናል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ቁልፉን ደጋግመው ለውጠዋል። ፌስቡክ «ላይክ»ን እ.ኤ.አ. በ2009 ጀምሮ በ2016 ሳቅን፣ ሐዘንንና ቁጣን ጨመረበት። ዩቲዩብ ኮከብ ከሚሰጡት ውስጥ አብዛኞቹ 5 ስለሚሰጡ በ2010 ኮከቡን በአውራ ጣት ተካ፤ በ2021 ደግሞ የተቃውሞውን ቁጥር ከሕዝብ ዓይን ሰወረ።

ታዲያ ጨዋታው ይቅር?

ከርዕስ የወጣ ጨዋታ ሁሉ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ያ መካኒክ ማንም ሳይከፍለው የሚመልሰው ከሰዎቹ ጋር መጫወት ስለሚወድ ጭምር ነው። ጨዋታው የተከለከለበት መድረክ መልስ ሰጪዎቹንም ያጣል። የሃያ ዓመቱ ልምድ የሚያሳየው ጨዋታውን ማጥፋት ሳይሆን ቦታውንና ሚዛኑን መለየት እንደሚሻል ነው።

ይህ በአገራችንም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። የሙያ አጋሮችና አብሮ አደግ ተማሪዎች የሚገናኙባቸው የቴሌግራም ቡድኖች ጥቂት አይደሉም። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የስሜት መግለጫ ምልክቶችን፣ በ2022 ደግሞ ቡድንን በርዕስ መከፋፈያ መንገድ አስገብቷል። የቡድን ኃላፊው አንዱን ርዕስ ለጨዋታ፣ ሌላውን ለሥራ ጥያቄ ቢያደርግ፣ ጥሩውን መልስም ልብ እስኪበዛለት ሳይጠብቅ ራሱ ከላይ ቢሰካው፣ በቅሎዋም መካኒኩም በየቦታቸው ይገኛሉ።