ኮርዶባ ስትገቡ መጀመሪያ ወደ ታች ተመልከቱ

ኮርዶባን በእግር ለማየት ከጓዳልኪቪር ወንዝ ማዶ ብትጀምሩ ይሻላል። 16 ቅስቶች ያሉትን የሮማውያን ድልድይ ስትሻገሩ ከፊታችሁ አንድ ትልቅ የድንጋይ ግንብ ታያላችሁ። በ780ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቀዳማዊ አብዱረህማን ዘመን መስጊድ ሆኖ ተጀመረ፤ ከ1236 ወዲህ ደግሞ ካቴድራል ነው።

ውስጥ ሲገባ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ቀይና ነጩን ቅስት ያያል። እናንተ ግን መጀመሪያ ወደ ታች እዩ። በጥንታዊው ክፍል ያሉት አምዶች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ቀለማቸውም አናታቸውም ይለያያል። ግንበኞቹ ከሮማውያንና ከቪሲጎት ሕንፃዎች የተወሰዱ አምዶችን መልሰው ስለተጠቀሙ ነው።

ችግሩ አምዶቹ አጫጭር መሆናቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሰፊ አዳራሽ ጣሪያው ዝቅ ቢል ያፍናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ አምድ ላይ ሌላ የድንጋይ ምሰሶ ተከሉ። ቀጭን አምድ ላይ ምሰሶ ሲጨመር ግን ይዘማል እኮ! መፍትሔው ድርብ ቅስት ሆነ፦ የላይኛው ጣሪያውን ይሸከማል፤ የታችኛው፣ የፈረስ ኮቴ የሚመስለው፣ ምሰሶዎቹን እርስ በርስ አያይዞ እንዳያዘሙ ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ክፍት ስለሆነ ክብደት ይቀንሳል፣ ብርሃንም ያሳልፋል። ለእኔ ለመሐንዲሱ ከጌጡ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ቀይና ነጩም ቀለም አይደለም፤ ጡብና ድንጋይ እየተፈራረቁ ነው። አሁን ወደ ምሥራቅ ተራመዱ። አል-መንሱር በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስጨመረው ክፍል ጋ ስትደርሱ ቅስቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። እዚህ ሁሉም ድንጋይ ነው፤ ቀዩ የተቀባ ነው! ማስፋፊያው ወደ ምሥራቅ የሄደውም በደቡብ በኩል ወንዙ ስለቀረበ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሚህራቡ ከአዳራሹ መሃል ወጥቶ ቀረ።

ከዚያ መሃል ላይ ድንገት ጣሪያው ሽቅብ ይመዘዛል። በ1523 የተጀመረው የካቴድራሉ መዘምራን ክፍል ነው። ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ብዙ አምዶች ፈርሰዋል። የከተማው ምክር ቤት አጥብቆ ተቃውሞ ነበር፤ ንጉሥ ቀዳማዊ ካርሎስ ግን ለጳጳሱ ፈረደ። እኔም ያንን ቦታ ሳይ እናደዳለሁ። ሴቪያን ሳስብ ግን ንዴቴ ይበርዳል። እዚያ ታላቁ መስጊድ ለካቴድራሉ ሲባል ፈርሶ በዋናነት የተረፈው ሚናራውና ግቢው ነው። ኮርዶባ ውስጥ ግን ከ800 በላይ አምዶች ዛሬም ጣሪያ ተሸክመው ቆመዋል።

ስትወጡ አዲሱ ግንብ አሮጌውን ቅስት የሚነካበትን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል።