ስብሰባውን የጠራው ማን ነው?

ጁን 18 ቀን 1957 (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሶቪየት ኅብረት ኮሙኒስት ፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ ኒኪታ ክሩሽቼቭ ክሬምሊን ውስጥ ወደተጠራው ስብሰባ ሲገባ፣ የሚነጋገሩት ስለ ሌኒንግራድ 250ኛ ዓመት በዓል ነበር የተባለው። ስብሰባው እንደተጀመረ ግን የሰብሳቢነቱን ቦታ ተነጠቀና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቡልጋኒን ተቀመጠበት። ከዚያም እሱ የያዘው የአንደኛ ጸሐፊነት ሹመት ራሱ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ኋላ ተመልሶ ፖሊት ቢሮ የተባለው ፕሬዚዲየም 11 ሙሉ አባላት ነበሩት። ሰባቱ ክሩሽቼቭ ይውረድ አሉ። ከእሱ ጋር የቀሩት ሚኮያን፣ ሱስሎቭና ኪሪቼንኮ ብቻ ናቸው።

ይህ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከስታሊን ጋር ተያይዞ ነው። ክሩሽቼቭ በፌብሩዋሪ 1956 በፓርቲው 20ኛ ጉባዔ፣ በዝግ ስብሰባ፣ የስታሊንን ግፍ ዘርዝሯል፤ ከሰባቱ መካከል ሞሎቶቭ፣ ማሌንኮቭና ካጋኖቪች ደግሞ የስታሊን የቅርብ ሰዎች ነበሩ። ይህ እውነት ነው። ለእኔ ግን ነገሩን ይበልጥ የሚያስረዳው ብዙም የማይወራለት የሜይ 1957 ውሳኔ ነው። ክሩሽቼቭ ሞስኮ የነበሩትን አብዛኞቹን የኢንዱስትሪ ሚኒስቴሮች ዘግቶ፣ ፋብሪካዎቹን ከመቶ ለሚበልጡ የአካባቢ ኢኮኖሚ ምክር ቤቶች አከፋፈለ። የሞስኮ ሹማምንት ሥልጣናቸው ሲሸራረፍ የየክፍለ ሀገሩ የፓርቲ ጸሐፊዎች ጌቶች ሆኑ። ከእነዚህ ጸሐፊዎች ብዙዎቹን ወደ ላይ ያወጣቸው እሱ ነው፤ ማዕከላዊ ኮሚቴውንም የሞሉት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ በፕሬዚዲየሙ ሲሸነፍ እጅ አልሰጠም። የመረጠው ማዕከላዊ ኮሚቴው ስለሆነ የሚያወርደውም እሱ ብቻ መሆኑን እየደጋገመ ጊዜ ገዛ። ስብሰባው አራት ቀን ተጓተተ። በዚህ መካከል የመከላከያ ሚኒስትሩ ማርሻል ዡኮቭ የጦር አውሮፕላኖች አሰማርቶ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላትን ከየክፍለ ሀገሩ ሞስኮ አስገባቸው። ኬጂቢን የሚመራው ሴሮቭም ከክሩሽቼቭ ጎን ነበር። የደረሱት አባላት ክሬምሊን ድረስ ሄደው ስብሰባው ይከፈትልን አሉ። ሰባቱ አብላጫ ድምፅ ነበራቸው፤ አውሮፕላኑ፣ የጸጥታው መሥሪያ ቤትና የፓርቲው ስልክ ግን በሌላው ወገን እጅ ነበሩ።

ፕሌነም የሚባለው የማዕከላዊ ኮሚቴው ሙሉ ስብሰባ ጁን 22 ተከፍቶ እስከ 29 ቆየ። ዡኮቭ ሰነድ ይዞ ተነሣና ከ1937 መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1938 መገባደጃ ድረስ ስታሊን፣ ሞሎቶቭና ካጋኖቪች 38,679 ሰዎች እንዲረሸኑ መፍቀዳቸውን ተናገረ። ክሩሽቼቭ ራሱ በእነዚያ ዓመታት መጀመሪያ የሞስኮ፣ ቀጥሎም የዩክሬን ፓርቲ አለቃ ነበር። የእሱ ድርሻ ግን ውሳኔው ውስጥ አልገባም። በመጨረሻው ድምፅ ሞሎቶቭ ብቻ ድምፀ ተዓቅቦ ሲያደርግ ሌሎቹ በገዛ ራሳቸው ላይ እጃቸውን አወጡ።

ለሕዝብ የተነገረው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። “ፀረ-ፓርቲ ቡድን” ተብለው በጋዜጣ የወጡት ማሌንኮቭ፣ ካጋኖቪች፣ ሞሎቶቭ፣ እንዲሁም የፕሬዚዲየሙ ዕጩ አባል፣ “ከእነሱ ጋር የተቀላቀለው ሼፒሎቭ” ነበሩ። ሩሲያውያንም ይህን ሁሉ ከስሙ ጋር አጣብቀው፣ በዓለም ላይ ከዚህ የረዘመ የቤተሰብ ስም የለም እያሉ ቀለዱበት። የሌሎቹ ስም የተደበቀው ከርኅራኄ አልነበረም። ሰባቱም ቢጠሩ አብዛኛው የፓርቲው አመራር በመሪው ላይ ተነሥቶ እንደነበር አገር ያውቅ ነበር። ስለዚህ ቡልጋኒን እስከ ማርች 1958 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ቆየ፤ ሽማግሌው ቮሮሺሎቭም ርዕሰ ብሔርነቱን አላጣም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ክረምት ሞስኮን ሲጎበኙና የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ሲፈቀድላቸው፣ በዚያ መንበር ላይ የነበረው ከሁለት ዓመት በፊት ክሩሽቼቭ ይውረድ ካሉት አንዱ የሆነው ይኸው ቮሮሺሎቭ ነው።

ካጋኖቪች በስታሊን ዘመን በተሸናፊዎች ላይ የሚደርሰው እንዳይደርስበት ስልክ ደውሎ እንደለመነው ክሩሽቼቭ በ1961ዱ ጉባዔ ተናግሯል። የተገደለ አልነበረም። ሞሎቶቭ ለሞንጎሊያ አምባሳደርነት፣ ማሌንኮቭ ለአንድ የኃይል ማመንጫ ኃላፊነት፣ ካጋኖቪች ወደ ኡራል ፋብሪካ ተላኩ። ዡኮቭስ? ውለታው አራት ወር ብቻ አገለገለው። በኦክቶበር 1957 ዩጎዝላቪያንና አልባኒያን ጎብኝቶ ሲመለስ ከሚኒስትርነቱ ተሻረ።

ቀጥለው የመጡት ዓመታት ክሩሽቼቭ ደጋፊዎቹን በገዛ እጁ ያስቀየመባቸው ናቸው። በ1961 የወጣው የፓርቲው ደንብ በየምርጫው ከየኮሚቴው አባላት እንደየደረጃው ቢያንስ ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆኑት እንዲቀየሩ አስገደደ፤ በ1962 ደግሞ የየክፍለ ሀገሩ ፓርቲ የኢንዱስትሪና የግብርና ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። በ1957 በአውሮፕላን ደርሰው ያዳኑት ጸሐፊዎች ግማሽ ክፍለ ሀገር ይዘው ቀሩ። የኩባው የሚሳይል ቀውስና የ1963ቱ የስንዴ ግዢም ቁጣውን ጨመሩት እንጂ፣ እኔ ክፉኛ የጎዳው ይህ ክፍፍል ነው እላለሁ።

እሱን ለማውረድ የተነሡት የማዕከላዊ ኮሚቴው ጸሐፊዎች ብሬዥኔቭና ፖድጎርኒ ሰባቱ የተሰናከሉበትን ስላወቁ ሴራውን ከታች ጀመሩት። የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላትን ለወራት አንድ በአንድ አናገሩ፤ የኬጂቢውን ሴሚቻስትኒንም ያዙ። ወሬው በአንድ ጠባቂ በኩል ለክሩሽቼቭ ልጅ፣ ከዚያም ለአባቱ ደርሶ ነበር። ፖድጎርኒ ሲጠየቅ ግን ሳቀበት፤ ክሩሽቼቭም ፒትሱንዳ ወደሚባለው የጥቁር ባሕር ዳርቻ ለዕረፍት ሄደ። ኦክቶበር 12 ቀን 1964 ሕዋ ላይ ካሉት ሦስት ጠፈርተኞች ጋር በስልክ ተነጋገረ። ማታ ስለ ግብርና ስብሰባ አለና ና ተብሎ ተደወለለት። በማግሥቱ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከተቀበሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሴሚቻስትኒ ነበር።

በዚህ ጊዜ ይግባኝ የሚልበት አልቀረለትም። ማዕከላዊ ኮሚቴው ቀድሞ ሞስኮ ገብቶ እየጠበቀው ነበር። ኦክቶበር 14 በ1957 አብሮት የቆመው ሱስሎቭ የክሱን ሪፖርት አነበበ። ለሕዝብ የተነገረው ግን የ70 ዓመቱ መሪ በዕድሜና በጤና ምክንያት ሥራ መልቀቁ ነው። የፓርቲና የመንግሥት አመራር ዳግም በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆንም ተወሰነ።

በፓርቲው መሪነት የተተካው ብሬዥኔቭ 18 ዓመት በሥልጣን ቆየ። ሴሚቻስትኒን በ1967 አነሣው፤ ሌላውን የሴራ ጓደኛውን ሸሌፒንን በ1975 ከፖሊት ቢሮ አስወጣው። በሜይ 1977 ተራው የፖድጎርኒ ሆነ። ርዕሰ ብሔርነቱንም ብሬዥኔቭ ራሱ ወሰደው።