ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል

እናላችሁ፣ ነገሩ የሆነው በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ አበባው ጠውልጎ፣ ጉለሌ ላይ የጠዋቱ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን። ከእጽዋት ማዕከሉ ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንድ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር አሉ። ስማቸውን አልጠራውም፤ ስለ ሰዎቹም ሳወራ ጥቂት ልጨምር፣ ጥቂት ልቀንስ እችላለሁ፤ የተራኪ ወጉ ነው። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ቀኖቹና ባሕር ማዶ ስለተደረገው ነገር የምላችሁ ግን ሳይጨመር ሳይቀነስ ነው።

መቼም ማዕከሉን ታውቁታላችሁ። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሚሰፋ፣ እንጦጦ ወደ ምዕራብ በሚዘረጋበት ተራራ ላይ ያረፈ ነው። የኢትዮጵያን እጽዋት መዝግበው ለዓለም ካሳወቁት አንዱ፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ መርተውታል። ባሕር ዛፍ ነግሦበት በነበረ ቦታ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ እየተመለሱበት ነው። መምህራችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ይገቡና በየተክሉ ሥር የተጻፈውን የሳይንስ ስም ሉክ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፤ ቤት ሲገቡ ኮምፒውተሩን ከፍተው ስለዚያ ተክል ያነባሉ። አስታ ብትሏቸው ኤሪካ አርቦሪያ፣ ኮሶ ብትሏቸው ሃጌኒያ አቢሲኒካ ብለው ይመልሱላችኋል። ጡረታ ማለት ለእሳቸው ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠ ዴስክቶፕ ነው። ባለቤታቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ ዳንቴሉ ሳይነሳ አይበራም፣ ሳይጠፋም አይለብስም። ዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ነበር። የሚጠቀሙበት ክሮም ደግሞ 109ኛው ነው፤ ከዚያ በላይ ሊሄድ አይችልም፣ ምክንያቱም ጥር 30 ቀን 2015 የወጣው 110ኛው ክሮም ዊንዶውስ 7ን ትቶት ሄዷል። እሳቸው ይህን ሁሉ ከየት ይወቁት? ማሽኑ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል!

ታዲያ አንድ ቀን መብራት ሄዶ መጣና ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀኑ ጠፍቶበታል። ማዘርቦርዱ ላይ ቀንና ሰዓት የምታስጠብቅ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፤ እሷ ስትሞት ማሽኑ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የጥንት ቀን ያወጣል። መምህሩ አዩት፣ ተናደዱ፣ በገዛ እጃቸው አስተካከሉት። ምን ብለው አስተካከሉት? 2018 ብለው! ሰዓቱንም በእኛው አቆጣጠር፣ ጠዋት አራት ሰዓት። እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም። ሰው በሳሎኑ፣ በገዛ ዳንቴሉ ሥር፣ በገዛ ዘመኑ ቢኖር ምን ይባላል?

ክሮም ግን ፈረደባቸው። ጉግል ቢሉ አይከፈትም፤ ዊኪፔዲያ ቢሉ አይከፈትም። የሚወጣው አንድ ጽሑፍ ነው፦ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል። «የማን ሰዓት ነው ወደ ኋላ የቀረው?» አሉ መምህሩ መነጽራቸውን እያወለቁ። ስድብ ነው የመሰላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የታመነ ድረ ገጽ የምስክር ወረቀት ይዞ ይቀርባል፤ ወረቀቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የጸና ነው የሚል አለ። ወረቀቱ የተሰጠው በፈረንጆች 2025 ነው፤ የመምህሩ ማሽን ደግሞ ገና 2018 ላይ ነኝ ብሎ ያምናል። ሰባት ዓመት ወደፊት የተጻፈ መታወቂያ ያያል ማለት ነው። «ሐሰተኛ ነህ» ብሎ በሩን ይዘጋል። ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ጠይቆ ራሱ የሚያርምበት መንገድ ቢኖረውም፣ ቤት ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ ደፍሮ አያርምም።

አሁን ልብ በሉልኝ። የምስክር ወረቀት ያላቸው ጨዋ ገጾች ሁሉ ተዘጉ። ምንም ወረቀት የሌላቸውስ? እነሱማ ምን የሚመረመር ነገር አላቸው፤ ዘው ብለው ገቡ! መምህሩ ከወዲያ ወዲህ ሲሞክሩ አንድ የፊልም ማውረጃ ገጽ ተከፈተላቸው፤ ከላዩ ላይ ደግሞ ሌላ መስኮት ዱብ አለ። ቀይ ነው። የክሮም ምልክት አለው። «ብራውዘርዎ አርጅቷል፤ ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው፤ አሁኑኑ አፕዴት ያድርጉ» የሚል በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ቁልፍ። ክፋቱ፣ የሚለው እውነት ነው። ብራውዘሩ አርጅቷል፤ ኮምፒውተሩም አደጋ ላይ ነው።

መምህሩ ማውዙን ወደ አረንጓዴው ሲወስዱ፣ ቡና ደርሷል ተብላ የተጠራችው የጎረቤት ልጅ ገባች። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፣ ኮምፒውተር ነው የምትማረው።

«ጋሼ፣ እንዳይነኩት!»

«ምነው ልጄ? አድሱት ነው እኮ የሚለው።»

«ማን ነው አድሱት ያለዎት?»

እዚህ ላይ ትረካውን ገታ ላድርገውና ወደ 2009 ልውሰዳችሁ። መስከረም 22 ቀን ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ በዓል በሐዘን የተበተነበት ዓመት ነው። በዚያ ሰሞን በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌላም አገር ለሚኖሩ የመንግሥት ተቃዋሚዎች ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር፤ በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዋና ዳይሬክተር ለነበረው ለጃዋር መሐመድም ተልኮለታል። ኢሜይሉ ሰዉ ሌት ተቀን ስለሚያወራው ጉዳይ ነው፤ ቪዲዮ አለ፣ ይመልከቱ ይላል። ሊንኩን ሲጫኑት ኢስትአፍሮ የሚባለውን የታወቀ የቪዲዮ ገጽ ቁርጥ የሚመስል ይመጣል። እውነተኛው ዶት ኮም ነው፤ ይኼኛው ዶት ኔት። ቪዲዮው ግን አይነሳም፤ መጀመሪያ ፍላሽ ፕሌየርዎን አፕዴት ያድርጉ ይላል። በዚያ ዘመን ፍላሽ በየጊዜው አፕዴት የሚለምን ነገር ስለነበር ማን ይጠረጥራል? አፕዴቱን የጫነ ሰው ሰላይ ጫነ።

በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ የተባለ የምርመራ ቡድን ይህን ሁሉ ኅዳር 27 ቀን 2010 አወጣው። የስለላ ፕሮግራሙ በወቅቱ የእስራኤሉ ኤልቢት ሲስተምስ ንብረት የነበረው ሳይበርቢት የሚባል ኩባንያ ሥራ ነው፤ የሚያንቀሳቅሱት የኢትዮጵያ መንግሥት አካላት ናቸው ሲል ደመደመ። ኩባንያው በበኩሉ እኔ ሻጭ ነኝ፣ የሸጥኩትን የማንቀሳቅሰው እኔ አይደለሁም ነው ያለው። ሁለት ነገር ይገርመኛል። አንደኛው፣ ሰላዮቹ እንዲህ ያለ ኢሜይል ከሲትዝን ላብ ተመራማሪዎች ለአንዱም ላኩለት፤ ሌባው ለመርማሪው ደብዳቤ ጻፈ እንደማለት። ሁለተኛው፣ የማንን ኮምፒውተር እንደያዙ የሚዘግበውን መዝገብ ለማንም ክፍት በሆነ ቦታ ትተውት ተገኙ፤ በ20 አገሮች ያሉ ኮምፒውተሮች ተመዝግበውበታል። የሰው በር ሲሰብሩ የራሳቸውን ሳይዘጉ!

ልብ ካላችሁ፣ እነዚያ ሰዎች የተጠቁት ቸልተኛ ስለነበሩ አይደለም። ጠላፊው የመረጠው ሰው ለደኅንነቱ የሚያስብበትን ሰዓት ነው፤ አፕዴት ማድረግ ጥሩ ነው ተብሎ የተነገረውን ሰው። ልጅቱም መምህሩን ማን ነው አድሱ ያለዎት ያለቻቸው ለዚህ ነው። አፕዴት አንተ የምትሄድበት ነገር ነው፤ መንገድ ላይ ጠብቆ ክንድህን የሚይዝህ አፕዴት የለም።

«ገባኝ» አሉ መምህሩ። «ችግኝ ከታወቀ ጣቢያ ነው፤ ከመንገድ ዳር ጽድ ነው ብሎ የፈረንጅ ጥድ የሚሸጥልህ መዓት ነው።»

ወደ ሥራው ገቡ። ልጅቱ ቀዩን መስኮት በቁልፉም በኤክሱም አልዘጋችውም፤ የሐሰት መስኮት ኤክሱም ሐሰት ሊሆን ይችላል። በታስክ ማናጀር ክሮምን ከነነፍሱ አጠፋችው። ቀጥሎ የነካችው ብራውዘሩን አይደለም፤ ቀኑን ነው። «ጋሼ፣ ለማሽኑ የፈረንጁን እንስጠው፤ የእኛን ግድግዳው ላይ እንሰቅላለን» አለች። የሰዓት ቀጠናው ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የለችም፤ ናይሮቢ የሚለውን መረጠች፤ ሰዓታችን አንድ ነው። የሞተችውን ባትሪ በማግስቱ ሰፈር ካለ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በማይረባ ብር ገዝተው ቀየሯት። ቀኑ ሲስተካከል ዊኪፔዲያ ተከፈተ፤ መምህሩ በደስታ ሥራው ያለቀ መሰላቸው።

አላለቀም። ብራውዘር ሲያረጅ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ክሮምም ፋየርፎክስም በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ይወጣሉ፤ በመሐልም ጥገና ይለቃሉ። ጥገናው በወጣ ቀን ቀዳዳው የት እንደነበረ ለዓለም ሁሉ ይታወቃል፤ አሮጌውንና አዲሱን አስተያይቶ ማግኘት ለባለሙያ ከባድ አይደለም። ስለዚህ ሳይታደስ የቀረ ሰው ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ይበልጥ ተጋላጭ ነው፤ እሱ ምንም ሳያደርግ። 109 ላይ የቆመ ክሮም ደግሞ ዓመታት ተደራርበውበታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጥገና ቤት ብትወስዱት መልሱ አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ። ከዚያ ከማን እንደተቀዳ የማይታወቅ ክራክ ዊንዶውስ በፍላሽ ይጫንላችኋል፣ ፍላሹ ሾርትከት ቫይረሱን ይዞ ይመጣል፣ ፎቷችሁም ይጠፋል። ልጅቱ ይህን አልወደደችውም፤ እኔም አልወደውም። ማሽኑ 2 ጊጋባይት ራም ነው ያለው፤ ዊንዶውስ 11ን በሕልሙም አያየውም። ሊኑክስ ትጭንላቸው ነበር፤ መምህሩ «እሱን ሌላ ጊዜ» አሉ። የቀረው ፋየርፎክስ 115 ነው፤ የተራዘመ ድጋፍ የሚሉት ዓይነት። ሞዚላ ለዊንዶውስ 7 እሱን መጨረሻ አድርጎ፣ የደኅንነት ጥገናውን ግን ቀነ ገደቡን ደጋግሞ እየገፋ ሲሰጥበት ቆይቷል። መጠለያ ነው እንጂ ቤት አይደለም፤ ይህንንም ለመምህሩ ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

ከስልኳ ኔት ሰጠች። አድራሻውን ሰርች አላደረገችም፤ በሰርች ውጤት አናት ላይ የሚቀመጠው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፣ ማስታወቂያውም ሐሰት ሊሆን ይችላል። ሞዚላ ዶት ኦርግ ብላ በእጇ ጻፈችው፣ ፊደል በፊደል። ፋይሉ ከመቶ ሜጋባይት በታች ስለሆነ ካርዷንም አልጎዳም። ከወረደ በኋላ ወዲያው አልከፈተችውም። ራይት ክሊክ አድርጋ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገባችና ዲጂታል ሲግኔቸር የሚለውን ለመምህሩ አሳየቻቸው፤ ሞዚላ ኮርፖሬሽን ይላል።

«ፊርማ ነው?»

«ፊርማ ነው ጋሼ። ማኅተሙን ነው ያየነው።»

ሲጫን ዊንዶውስ ስክሪኑን አጨልሞ ፈቃድ ጠየቀ። ሰው ሁሉ የዚህን ጊዜ ነው ሳያነብ የስ የሚለው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መምህሩ ግን መነጽራቸውን አድርገው እንደ ፈተና ወረቀት አነበቡት፦ የአሳታሚው ስም አለ፣ ሞዚላ ኮርፖሬሽን፣ ጠርዙም ሰማያዊ ነው። አሳታሚው አይታወቅም ብሎ በቢጫ ቢመጣ ኖሮ ኖ ነበር መልሱ።

አሮጌውን ክሮም ያጠፉት በመጨረሻ ነው፤ ቡክማርኩ ሁሉ ወደ አዲሱ ከዞረና መሥራቱ ከታየ በኋላ። ፓስወርዶቹን አላዛወሩም፤ ድሮም መምህሩ ያስቀመጧቸው ሉክ ደብተሩ ጀርባ ላይ ነው። ልጅቱ ሳቀች እንጂ አልነቀፈችም፤ ሳሎን ያለ ደብተር የሚሰርቅ ሌባ ቢያንስ አጥር መዝለል አለበት። ከኮንትሮል ፓናል ፍላሽ ፕሌየርንም ነቀለችው። አዶቢ ፍላሽን ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ነው የተወው፤ ከጥር 4 ወዲህ በውስጡ ምንም እንዳይጫወት ተደርጓል። ስለዚህ ዛሬ ፍላሽ አፕዴት አድርግ የሚል ገጽ ካያችሁ መመርመር አያስፈልግም፤ የሞተ ሰው አፕዴት አይደረግም።

«ባንክስ?» አሉ መምህሩ።

«በዚህ አይግቡ። ያንብቡበት፤ ባንኩን በስልክዎ።»

መምህሩ ቅር አላቸው፤ እሺ ግን አሉ።

ወሬው በእድር ስብሰባ ላይ ተነሳ። በሚቀጥለው እሑድ የእድሩ ጸሐፊ ላፕቶፓቸውን ታቅፈው መጡ። «የእኔስ አዲስ ነው፤ ዊንዶውስ 10» አሉ። ልጅቱ ለዊንዶውስ 10ም ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንደቆመ፣ የደኅንነት ጥገናውን ለአንድ ዓመት ለማግኘት የሚመዘገቡበት መንገድ ግን እንዳለ፣ ክሮሙም ለጊዜው መታደሱን እንደሚቀጥል አስረዳቻቸው። ጸሐፊው ከዚህ ሁሉ የሰሟት አንዲት ቃል ናት።

«መቼ ነው የቆመው አልሽኝ?»

«ጥቅምት 4 ቀን 2018።»

«እሱማ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብለው ወደ ላፕቶፑ ጥግ ጠቆሙ። በትንንሹ ቁጥር 2011 ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄንን ማን ሞላው?»

«የልጅ ልጄ። የሆነ ጌም አላስገባ ብሎት ነው አለኝ።»