ዘጠነኛው ዲግሪ በላንቻ

ባለፈው ሰሞን ከደብረ ብርሃን ለሚመጡ አጎቴ ሰፈሬን ላስረዳ ብዬ፣ በምልክትነት የምጠቁመው ቤት ሁሉ ፈርሶ አገኘሁት። የኛ አድራሻ ምልክት ነው፤ ምልክቱ ሲፈርስ አድራሻውም አብሮት ይፈርሳል። ቢቸግረኝ የእጅ ስልኬን ካርታ ከፈትኩ። ስልኩ የነገረኝ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፦ 9 ዲግሪ ሰሜን ገደማ፣ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ። ወደ መስቀል አደባባይ ስወጣ ቁጥሩ ከ9 ይበልጣል፤ ወደ ጎተራ ስወርድ ከ9 ያንሳል። መስመሩ በላንቻ በኩል ያልፋል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ኬክሮስ ነው፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መራቃችንን ይናገራል። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ላንቻ ከምድር ወገብ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው፤ በእንግሊዝ አገር በግሪንዊች ከሚያልፈው መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይቆጠራል። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፣ አንዱ የኬንትሮስ ዲግሪ የ4 ደቂቃ ልዩነት ያመጣል። (በባሕረ ሐሳባችን ኬክሮስ የዕለት 60ኛ እጅ ነው። የጊዜው ስም ለአንዱ ተሰጠ፤ ጊዜን የሚጠይቀው ግን ሌላው ሆነ!)

ጣጣው ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደርሶ የምንጩን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ አለ፤ ከዛሬው ልኬት እምብዛም አይርቅም። ለኬንትሮሱ የጁፒተርን ጨረቃ ጠብቆ ቢሰላም፣ በብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ሳተ። የብሩስ ስሕተት ማንንም አልጎዳም፤ ካርታ ላይ ቀረ። ዲግሪ ወሰን ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከላንቻ በዚሁ በ9ኛው ዲግሪ ወደ ምሥራቅ 575 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ፣ ፀሐይ ከኛ 21 ደቂቃ ቀድማ ከምትወጣበት ከ44ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ እንደርሳለን። በግንቦት 1889 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል በኋላ 15 ወር ቆይቶ፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ አዲስ አበባ ላይ ከአፄ ምኒልክ ጋር ተዋዋለ፤ የሶማሌላንድን ወሰን ደግሞ ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር በደብዳቤ ጨረሰው። ወሰኑ ከባሕሩ ወገን በቦታ ስም እየተቆጠረ ይመጣና 9 ሰሜንና 44 ምሥራቅ ከሚገናኙበት አጠገብ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ 8 ሰሜንና 47 ምሥራቅ እስኪገናኙ ድረስ በማስመሪያ የተሰመረ።

መስመሩ የሚያቋርጠው ግን ግመልና በግ ዝናብን ተከትለው የሚዘዋወሩበትን የሐውድን የግጦሽ አገር ነው። ተዋዋዮቹም ስላወቁት፣ በሁለቱም ወገን ያለው ሕዝብ ተሻግሮ ማሰማራትና ማጠጣት እንዲችል ጽፈዋል። ወሰን አስምሮ ለመሻገሪያው ፈቃድ መጻፍ፣ ለእኔ የመስመሩን ጉድለት ማመን ነው።

መስመሩ ከወረቀት ወደ መሬት እስኪወርድ ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ኮሚሽን ችካሉን ተክሎ፣ ግጦሹንና ውኃውን ሊያጠና ወደ ደቡብ ዘልቆ በኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ሲደርስ፣ የጣሊያን ወታደር ጉድጓዱን ይዞ ጠበቀው። በዚያ በኩል ያለው ወሰን በ1900 ዓ.ም. ውል ቢጻፍም ችካል አልተተከለበትም ነበር። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ። ሙሶሊኒ ይህንኑ ሰበብ አድርጎ ከ10 ወር በኋላ ዘመተ። ከጦሩ ጋር ከገቡት የጭነት መኪኖች መካከል የቶሪኖው ፋብሪካ የላንቻ ሥሪቶች ነበሩ፤ ሰፈሬም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ የመኪና ስም ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ለአጎቴ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ልጄ፣ ይሄን ቁጥርህን ተወውና፣ በየትኛው ታክሲ ልምጣ?»

«የሳሪሱን ይያዙና ጋሼ፣ ላንቻ ሲደርሱ ወራጅ ይበሉ» አልኳቸው።