ባሕር ዛፍ፤ ከመንገድ ዳር እስከ እርሻ ማሳ

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጭልጋዋ አይከል፣ እንደ ሌሎቹ የደጋና የወይና ደጋ ከተሞች ሁሉ፣ የቤት ቋሚና ማገር፣ የአጥር እንጨትና ማገዶ የሚገኘው በአብዛኛው ከባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ እንግድነቱን ይመሰክራል፤ ትውልዱ አውስትራልያ ሲሆን ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተመነጠረ በማለቁ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን እንጨት ወዳልጠፋበት ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የነበሩት ነገሥታትም ማገዶና ስንቅ ሲያልቅ ሰፈር መለወጥ ልማዳቸው ነበር። ይህን ልማድ ያስቀረው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ችግኙ በርካሽ ዋጋ ታደለ፤ ዛፉ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የከተማይቱ መንገድና ግቢ በባሕር ዛፍ ተከበበ።

ሆኖም ጥርጣሬው የቆየ ነው። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ምንጮችን ያደርቃል በሚል ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ የሐር ትል በሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ ግን እንደታሰበው አልተፈጸመም። በትግራይም በ1989 ዓ.ም. በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ተከልክሏል። ገበሬው ጉዳቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በዛፉ ጥግ ያለ ጤፍ እንደሚቀጭጭ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው። ነገር ግን ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ በጥቂት ዓመታት ለሽያጭ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሊጤን ይገባል። በትምህርት ገበታ ላይ «ወራሪ ዛፍ» በሚለው ስያሜ ሥር ባሕር ዛፍና ፕሮሶፒስ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፕሮሶፒስ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ ለጥላ፣ ለነፋስ መከላከያና ለአፈር ጥበቃ ተተከለ። ከብትና ፍየል ጣፋጩን ፍሬ በልተው ዘሩን ከፋንድያቸው ጋር በየግጦሹ ዘሩት፤ ጎርፍም አገዛቸው። ዛሬ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል፤ የአርብቶ አደሩንም ግጦሽ ነጥቋል። ይህ በእውነት ወረራ ነው። የባሕር ዛፍ ዘር ግን ደቃቅ ሆኖ ከእናቱ ዛፍ እምብዛም አይርቅም፤ በከብት ሆድም አይጓዝም። ከመንገድ ዳር ወደ ማሳ ያሻገረው የሰው እጅ ነው።

ስለዚህ ለሁለቱ አንድ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም። ፕሮሶፒስን መግታት የዘሩን ጉዞ ማቋረጥ ሲሆን፣ ባሕር ዛፍን መግታት ግን የማገዶና የገንዘብ ጥያቄ ነው። ለገበሬው ሌላ የማገዶና የገቢ ምንጭ ሳይገኝ የሚወጣ ክልከላ ከ1905ቱ ትእዛዝ የተሻለ ዕድል አይኖረውም። ጊዜው ሲዘገይ ደግሞ መመለሱ ይከብዳል፤ ማሳው ተመልሶ ጤፍ እንዲያበቅል ጉቶው አንድ በአንድ በዶማና በመጥረቢያ መነቀል አለበትና።