የዳሌ መገጣጠሚያ ከተቀየረ በኋላ የማይለቅ ሕመም

የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበያ፣ እርሻና ደብር የሚደረሰው በአብዛኛው በእግር፣ ያውም ዳገትና ቁልቁለት እያቆራረጡ ነው። በዚህ አገር ዳሌ የታመመበት ሰው ከሥራውም ከማኅበሩም ይርቃል። በቀዶ ሕክምና መገጣጠሚያው ተቀይሮለት ከወራት በኋላም ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው ደግሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ የቀረ ይመስለዋል።

ሕክምናው አዲስ አይደለም። ዛሬ ለሚሠራበት ዘዴ መሠረት የጣለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ሲሆን፣ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ነበር። የተበላሸው የጭን አጥንት ራስ ተቆርጦ ይወጣና በምትኩ በጭን አጥንቱ ውስጥ የሚተከል የብረት ዘንግ ከነኳሱ ይገባል፤ በዳሌው ጎድጓዳ ላይም ኳሱ የሚሽከረከርበት ጽዋ መሰል አካል ይገጠማል። ለቅየራው ምክንያት ከሚሆኑት መካከል የመገጣጠሚያ መበላት፣ በአረጋውያን ላይ በመውደቅ የሚደርስ የጭን አጥንት አንገት ስብራትና ደም ተቋርጦበት የሞተ የአጥንት ራስ ይገኙበታል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለተወሰነ ጊዜ መታመም የሚጠበቅ ነው። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጡንቻው ግን ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ሐኪሞች የቆየ ሕመም የሚሉት ከሦስት ወር በላይ የዘለቀውን ነው። በ2012 (እ.አ.አ.) የታተመ የበርካታ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ዳሌያቸው ከተቀየረላቸው 100 ሰዎች መካከል ከ7 እስከ 23 የሚሆኑት ለረጅም ጊዜ የቆየ ሕመም ነበረባቸው። እንግዲህ ሕመሙ ያልተወው ሰው ብቻውን አይደለም፤ ምናብ ነው ሊባልም አይገባም።

ሐኪም በቅድሚያ የሚጠይቀው ሕመሙ የት እንደሆነና መቼ እንደሚብስ ነው። ብሽሽት ላይ የሚሰማ ሕመም ከጽዋው ወይም ጽዋው ከሚነካው ጅማት ሊመጣ ይችላል። ጭን መሐል ላይ ከሆነ ዘንጉ ይጠረጠራል። ከተቀመጡበት ሲነሡ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ጠንክሮ ጥቂት ከሄዱ በኋላ የሚቀልል ሕመም የመገጣጠሚያውን መላላት ያመለክት ይሆናል። በውጭ በኩል፣ በዚያው ጎን ሲተኙ የሚብስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የጅማት መቆጣት ነው። እንደ እሳት የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ከነርቭ ይመጣል፤ ለዚህ ተራ ማስታገሻ እምብዛም ስለማይረዳ ሐኪም የሚያዝዘው ሌላ መድኃኒት አለ። ዳሌው ደኅና ሆኖ ሕመሙ ከወገብ አከርካሪ የሚመነጭበት ጊዜም ጥቂት አይደለም፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ኢንፌክሽን ነው። ተቀምጠውም ተኝተውም የማያሳርፍ የሌሊት ሕመም፣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም መግል ከታየ ቀን መቁጠር አያስፈልግም። ኢንፌክሽኑ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ከመገጣጠሚያው ናሙና ሳይወሰድ የተጀመረ መድኃኒት ተህዋሲያኑን ሳያጠፋ ከምርመራ ይሰውራቸዋልና። እግር በድንገት አጥሮ ወይም ተጣሞ መቆም ካቃተ መገጣጠሚያው ወልቋል አለዚያም አጥንት ተሰብሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ባት አብጦ ሲያም፣ በተለይም ትንፋሽ ሲያጥር፣ የደም መርጋት ይጠረጠራል። እነዚህ ሁሉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ናቸው።

ወጌሻ ለብዙ ስብራትና ውልቃት የአገሩ ባለሙያ ሆኖ ኖሯል። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያን ማሸትና መጎተት ግን ሊያወልቀው ስለሚችል የተቀየረ ዳሌ ለወጌሻ አይሰጥም።

አደገኛ ምክንያት አለመኖሩ በምርመራ ከተረጋገጠ ቀሪው ሥራ በአብዛኛው የታካሚው ነው። ምርኩዝ ከታመመው ዳሌ በተቃራኒ ባለው እጅ ይያዛል፤ ብዙ ሰው ግን በታመመው ጎን ይዞ ሲያነክስ ይታያል። ዳገት ሲወጣ ደኅነኛው እግር ይቀድማል፤ ቁልቁለት ሲወረድ ምርኩዙና የተቀየረው እግር ይቀድማሉ። ረጅሙን የገበያ መንገድ በአንድ ትንፋሽ ከመሄድ እያረፉ መከፋፈል ይበጃል፤ ደኅና በተሰማ ቀን ሁሉን ሠርቶ በማግሥቱ አልጋ ላይ መዋል ሕመሙን ያራዝመዋል። ቁጭ ብሎ ማረም፣ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንጀራ መጋገርና ቡና ማፍላት ዳሌን ከልክ በላይ ያጥፋሉ። ስለዚህ መቀመጫውም ምድጃውም ከፍ ይበሉ። በቅሎ ላይ መውጣትና መሬት ድረስ መስገድ ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞከሩም፤ የመውለቅ ሥጋቱ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይበረታል። በጎን ሲተኙ በጉልበቶች መካከል ትራስ ማድረግም ይረዳል።

ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራም ከሆነ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ ለከሱ፣ ለአረጋውያንና ለጉበት ሕሙማን ከዚህም ያንሳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ሲዘወተሩም ኩላሊትን ይጎዳሉ። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ሰው የሚወስድበትን ሰዓት ከባለሙያ ጋር ይወስን። ትራማዶል ሱስ ስለሚያስይዝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነካም።

ዳግም ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው የከበደ ነው፤ የሕመሙ ምክንያት ሳይታወቅ የሚደረግ ድጋሚ ቅየራ ብዙ ጊዜ አያሳርፍም። ከአካባቢው ጤና ተቋም የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ታካሚ፣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ሆስፒታል ማስረጃና የድሮ ራጆቹን ይያዝ። መላላት የሚታወቀው አሮጌው ራጅ ከአዲሱ ጎን ሲታይ ነውና።