ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ሲቸገር ማን ያዋጣል?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

  

በወሎ ምድር፣ በላስታ ደጋም ጭምር፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቅሬ ነው። ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ እንጀራውን፣ ውሃውንና ማገዶውን ይዘው ለቅሶ ቤት ይደርሳሉ። በላስታ የሙስሊሙ ቁጥር ጥቂት ነው። ይሁንና በወሎ ቅሬ ብዙ ጊዜ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ያሰባስባል። በሐረርም ሴቶች የራሳቸው አፎቻ አላቸው፤ ለሠርግም ለሐዘንም ይረዳዱበታል። እንግዲህ ሴቶች ተሰብስበው መስጠት ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም።

በኢስላም ታሪክም ሥሩ ጥልቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን ወደ ሴቶቹ ቀርበው ስለ ሰደቃ በመከሯቸው ጊዜ ቢላል (ረ.ዐ) ልብሱን ዘረጋ። ሴቶቹም ጉትቻቸውንና ቀለበታቸውን እያወለቁ ይጥሉበት ጀመር። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች የተዘገበ ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን ጎደለ? እኛ ጎደለ የምንለው መስጠቱን ሳይሆን እቅዱን ነው። በዘመኑ አነጋገር «ስትራቴጂክ እቅድ» የሚሉት ማለት ነው።

ነገሩን እናብራራ። ቅሬ አንድ ቤት ሲጎዳ ይበቃል፤ ሠላሳው ቤት ለአንዱ ያዋጣል። ሠላሳውም ቤት በአንድ ቀን ሲቸገር ግን ማን ለማን ያዋጣል? የወሎ ታሪክ ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ጠይቆናል። የ1966ቱን ረሃብ ዓለም በስፋት የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው። የ1977ቱንም እንዲሁ በጥቅምት ወር፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም በተላለፈ የቴሌቪዥን ዘገባ ሰማ። ሁለቱም ጊዜ ወሬው የደረሰው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። በቅርቡም በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና በእንግዳ የምትኖረው ላሊበላ እንግዳ አጣች። በ2013 መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ዘለቀ፤ መብራትና የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ ቆየ። በእንዲህ ያለው ቀን የዕለት መዋጮ አያድንም፤ አዋጪው ራሱ ተረጂ ሆኗልና።

መልሱ በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ አለ። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ለግብጽ ሰዎች የመከሩት ሰባት ዓመት እንዲያርሱ፣ ከምርቱ ጥቂቱን እንዲበሉ፣ የቀረውን ከነዘለላው እንዲያስቀምጡ ነበር። በክፉዎቹ ሰባት ዓመታትም ጎተራው ሁሉ እንደማይበላ፣ ጥቂት እንደሚቆይ ነገሯቸው። ሊቃውንት ይህ የሚቆየው ለዘር ነው ይላሉ። ሦስት ድርሻ ማለት ነው፦ የሚበላ፣ የሚቀመጥ፣ የሚዘራ።

ይህን ወደ እህቶቻችን ማኅበር እናምጣው። ለምሳሌ ሠላሳ ሴቶች በወር ሃምሳ ሃምሳ ብር ቢያዋጡ በዓመት 18,000 ብር ይሆናል። ለሦስት ሲከፈል 6,000፣ 6,000 ይደርሳል። የመጀመሪያው ድርሻ ዛሬ ለተቸገረች ይሰጥ። ሁለተኛው በጥር፣ እህል ሲረክስ፣ ገብስና ስንዴ ይገዛበትና ለክረምት ይቀመጥ፤ ባንክ ቢዘጋ እንኳ ጎተራው ቅርብ ነው። ሦስተኛው የምትወልድ በግ ይገዛበት፤ የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል ለሌላዋ እህት ትተላለፍ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ፦ ዘካ ከዚህ ጋር አይቀላቀል። የዘካ ባለመብቶች በቁርኣን የተለዩ ናቸው፤ ሊቆይባቸውም አይገባም። የምንናገረው ስለ ሰደቃ ነው።

«ጎረቤት እየተራበ እህል በጎተራ ማስቀመጥ ይቻላልን?» የምትል እህት ትኖራለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ድርሻ የተለየውም ስለዚህ ነው። ጎተራው የሚከፈትበት ምልክትም አስቀድሞ ይጻፍ፦ የበልግ ዝናብ ሲቀር፣ ሰው የእርሻ በሬውን መሸጥ ሲጀምር። ከእነዚህም በፊት የማን ቤት ጭስ እንዳልወጣ፣ ማን ከገበያ እንደቀረች ቀድመው የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። መንግሥትና ለጋሾች በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራምን የጀመሩት በየዓመቱ የሚሰማው የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ነፍስ ቢያድንም የገበሬውን ጥሪት እንደማያድን በማየታቸው ነው። ቀድሞ የታወቀ እርዳታ በሬውን ከመሸጥ ያድናል።

የሚቀረው የአማናው ጉዳይ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉ ደንቡን አስጻፉ፦ መሬቱ አይሸጥ፣ አይሰጥ፣ አይወረስ፤ ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ ይዋል። ተቆጣጣሪው በመጠኑ ቢበላ ኃጢአት የለበትም። ይህን አማና እንድትይዝ የተሰየመችው ደግሞ ልጃቸው፣ የምእመናን እናት ሐፍሷ (ረ.ዐ) ናት። ዓላማው፣ ተጠቃሚው፣ የአስተዳደር ወጪውና ኃላፊዋ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍረዋል። የአገራችን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ለሦስተኛ ወገኖች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከገቢው ሃያ በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። «በመጠኑ» የሚለው ቃል ዛሬም ልክ አለው ማለት ነው።

በዚህ ረገድ እኛ ኢማሞችም ጥፋት አለብን። ከጁሙዓ በኋላ ስጡ እንላለን፤ ስንት እንደተሰበሰበና ለማን እንደደረሰ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሰን አንናገርም። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር ሆኖ ሳለ የሰደቃችንን መዝገብ መዘንጋታችን ሊያሳፍረን ይገባል።

ስለዚህ እህቶቻችን ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ ደብተር ይዛችሁ ግቡ። ለዛሬ ስንት፣ ለክረምት ስንት፣ ለዘር ስንት እንደሚሆን ጻፉ። ቁልፉን ለአንዷ፣ መዝገቡን ለሌላዋ ስጡ። በዓመቱም ሒሳቡን በሁሉም ፊት አንብቡ። በእህል ዘመን የተቀመጠች አንዲት ቁና በክፉ ቀን የምታድነውን ነፍስ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

አላህ ሰደቃችሁን ይቀበል፤ አገራችንን ከረሃብና ከጦርነት ይጠብቅልን።